የተቆራረጠ ሐዲድ ዕዳ ነው፤ የተያያዘ ሐዲድ ሀብት ነው

(በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ቁስቋም፣ ለአካባቢው መራጮች ያደረግነው ንግግር)

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ የጭነት ባቡር ነው። «እኛ በዘይት ዋጋ እየተቃጠልን እናንተ ስለ ባቡር ታወሩናላችሁ?» የሚል ቢኖር አንቀየምም። የምንነጋገረው ስለዚያው ስለ ዘይቱ ነውና።

ከውጭ የሚመጣው ዘይት፣ ነዳጅ፣ ብረትና መድኃኒት በባሕር ተጓጉዞ ወደብ ላይ ይራገፋል። ጤፉም ቢሆን በማዳበሪያ የሚመረት ነው፤ ማዳበሪያውም የሚመጣው በባሕር ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ በር ከተዘጋብን ወዲህ ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ ኖሯል። ከመርከቡ እስከ ጉሊቱ የሚከፈለው የመጓጓዣ ኪራይ በመጨረሻ የሚወጣው ከማን ኪስ ነው? ከነጋዴው አይደለም፤ ከገዢው ነው። ስለዚህ የባቡር ጉዳይ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ቤተሰብ የወር አስቤዛ ጉዳይ ነው።

ወገኖቻችን፤

ይህ ጥያቄ ለዚህ ሰፈር አዲስ አይደለም። ከላያችን ባለው በእንጦጦ ተራራ ላይ ከትመው የነበሩት ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሰጡ። በቅሎና ግመል በሳምንታት የሚያመጡትን ዕቃ ባቡር በቀናት እንዲያመጣው ነበር ሐሳባቸው። ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። ገንዘብ አጠረ፤ የአውሮፓ መንግሥታት ፉክክር ሥራውን አሰረው፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። ጅምሩን ይዞ የቀረው ኩባንያም ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ መስመሩን አዲስ አበባ ያደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። 784 ኪሎ ሜትሩ ሲሟላ ባቡሩ የአገሪቱ ዋና የንግድ በር ሆነ። ግማሹ ባለቤቱን አከሰረ፤ ሙሉው አገር አገለገለ። ይህ ከመቶ ዓመት በፊት የተማርነው ትምህርት ነው።

ሁለተኛም ትምህርት አለን። ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችን ሁለት የባቡር መንገዶች ነበሯት፤ አንዱ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ፣ ሌላው ከምጽዋ በአሥመራ በኩል ወደ ቆላው። የአንዱ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር፣ የሌላው 95 ሳንቲ ሜትር ነበር። ሁለቱም አንድ ቀን እንኳ ሳይገናኙ ዘመናቸው አለፈ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1869 ምሥራቁን ከምዕራቡ የሚያገናኘውን ሐዲድ ገጠሙ። እ.ኤ.አ. በ1886 ደግሞ የደቡብ ግዛቶቻቸው ሐዲድ ስፋት ከሌላው የማይገጥም በመሆኑ በሁለት ቀን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ማይል ሐዲድ አጥብበው ከሰሜኑ ጋር አስማሙት። ከዚያ በኋላ ዕቃ በየድንበሩ እየተራገፈ እንደገና መጫኑ ቀረ። ጥቅሙ የመጣው ሐዲድ በመብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ሐዲዱ አንድ በመሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በአምስት ዓመት ውስጥ 2,395 ኪሎ ሜትር የባቡር መንገድ እንደሚሠራ ቃል ገብቶ ነበር። አምስቱ ዓመት ሲያልቅ ከዚህ አንድም የአገር አቋራጭ መስመር ሥራ አልጀመረም። ከሰበታ ጅቡቲ የሚደርሰው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን የንግድ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። የአብዛኛው ገንዘብ ምንጭ የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። የብድሩ መክፈያ ዘመን ከብዶን በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከአሥር ወደ ሠላሳ ዓመት እንዲራዘም ሆኗል። ይህም ማለት ዕዳውን የምንከፍለው እኛ ብቻ ሳንሆን ልጆቻችንም ጭምር ናቸው ማለት ነው። የሚከፈለውም በዶላር ነው።

እኛ ተቃዋሚ ስለሆንን ብቻ የተሠራውን ሁሉ አናጣጥልም። መስመሩ መሠራቱ ተገቢ ነበር። በመኪና ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈጀውን ጉዞ ባቡሩ ከአንድ ቀን በታች አድርሶታል። ከግንቦት 2016 ዓ.ም. ጀምሮም ሥራውን ከቻይና ኩባንያዎች ተረክበው የሚያካሂዱት የራሳችንና የጅቡቲ ልጆች ናቸው፤ እንኮራባቸዋለን። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ብድር ከተከፈለበት በኋላ አብዛኛው ጭነታችን ዛሬም በመኪና የሚመጣው ለምንድን ነው?

መልሱ ሐዲዱ የተቆራረጠ መሆኑ ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰውን 390 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር የቱርክ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ጀመረ። ወጪው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ተዘረጋ፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ሳይደርሰው ለዓመታት ቆመ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደረሰበት፤ ንብረቱ ተዘረፈ፣ ተጎዳ። ከሐራ ገበያ መቀሌ ሊደርስ የነበረውም በገንዘብ እጦትና በጦርነት ምክንያት በጅምር ቀረ። ኮምቦልቻ ላይ ሐዲዱ እያለ ባቡሩ የለም። ታጁራ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው ወደብ እያለ ከሐራ ገበያ በሰመራ ሊደርሰው የታሰበው ሐዲድ የለም። ወለዱ ግን ባቡር አይጠብቅም።

ሸማኔው የሰፈራችን ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ድሩ ተወጥሮ ማግ ካልገባበት ሸማ አይሆንም። ጥጡ በአዋሽ ሸለቆ ይበቅላል፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ኮምቦልቻ ነው፤ ጥበቡ የሚሠራው እዚህ ጉለሌ ነው። ሦስቱም ሐዲዱ ሊያገናኛቸው በሚችል መንገድ ላይ ናቸው። ባቡሩ ቢሠራ ጥጡ ወደ ፋብሪካ፣ ክሩ ወደ አዲስ አበባ፣ የተመረተው ጨርቅ ወደ ወደብ በአንድ መስመር ይሄዳል።

በቀላል ሂሳብ እንየው። ሃምሳ ፉርጎ ያለው አንድ ባቡር በየፉርጎው ሁለት ባለ ሃያ ጫማ ኮንቴይነር ቢጭን መቶ ኮንቴይነር ይዞ ይመጣል። ይህንኑ ለማምጣት ተሳቢ ያላቸው ሃምሳ መኪናዎች፣ ሃምሳ ሾፌሮችና የሃምሳ መኪና ናፍጣ ያስፈልጋሉ። ናፍጣው በዶላር የሚገዛ ነው፤ ባቡሩን የሚስበው ኤሌክትሪክ ግን ከራሳችን ወንዝ የሚመነጭ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ሕዝቡ ከደመወዙ ቦንድ ገዝቶ የሠራው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ሳለ ለተዘረጋ ሐዲድ ኤሌክትሪክ ማጣት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

በመሆኑም ሕዝብ ከመረጠን የሚከተሉትን እንፈጽማለን።

አንደኛ፣ የተጀመረው ሳይያያዝ አዲስ መስመር አንጀምርም። ከሁሉ በፊት የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ መስመር ተጠግኖ፣ ኤሌክትሪክ ገብቶለት ከጅቡቲው መስመር ጋር በአንድ አሠራር ይጠቃለላል።

ሁለተኛ፣ ደረቅ ወደቦች፣ የነዳጅ ዴፖዎች፣ የእህልና የማዳበሪያ መጋዘኖች፣ የኢንዱስትሪ ፓርኮችም ከዋናው ሐዲድ ጋር እንዲገናኙ እናደርጋለን። ዕቃ ከባቡር ወርዶ እንደገና በመኪና የሚጫንበት ቦታ በበዛ ቁጥር ኪራይም ይበዛል።

ሦስተኛ፣ አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ለበረኛው የተገዛ ነው። ከጅቡቲ ጋር ያለንን ወዳጅነት ጠብቀን በታጁራ፣ በበርበራና በላሙ በኩልም በሮች እንዲኖሩን በድርድርና በንግድ ስምምነት እንሠራለን። የኢትዮጵያ፣ የኬንያና የደቡብ ሱዳን መሪዎች በ2004 ዓ.ም. ላሙ ላይ የመሠረት ድንጋይ አኑረው ነበር፤ የወደቡ የመጀመሪያ ክፍል በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ሐዲዱ ግን ገና አልመጣም። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ እስከ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የሚደርስ መስመር በእኛ አገር ቢያልፍ የጎረቤቶቻችንም ጭነት በእኛ በኩል ያልፋል፤ ገቢው የጋራ፣ ሰላሙም የጋራ ይሆናል። ወደብ በጦርነት የሚፈልግ ያለውንም ሐዲድ ያጣል፤ ኮምቦልቻ ምስክር ናት።

አራተኛ፣ የባቡሩ ገቢ፣ ወጪና ዕዳ በየዓመቱ ለምክር ቤት ቀርቦ ለሕዝብ ይታተማል። ከፋዩ ሕዝብ ነውና ሂሳቡን የማወቅ መብት አለው።

የጭነት መኪና ባለንብረቶችና ሾፌሮች ሥጋት እንደሚገባችሁ እናውቃለን። ባቡር እያንዳንዱ ወረዳ አይደርስም። ከደረቅ ወደብ እስከ ከተማው፣ ከከተማው እስከ ገጠሩ ያለው ሥራ የእናንተ ነው፤ ሾፌሩም በወር ከሃያ ቀን በላይ በበረሃ ከመክረም ወደ ቤቱ የሚመለስበት ሥራ ይሆናል። ለውጡም ከማኅበሮቻችሁ ጋር ተመክሮበት ደረጃ በደረጃ የሚፈጸም ነው።

አንድ ነገር ግን አንዋሻችሁም። ሐዲድ በተያያዘ ማግሥት የዘይት ዋጋ ይወድቃል አንልም። ዓመታት ይፈጃል፤ ትዕግሥትና ንጹሕ እጅ ይጠይቃል። የምንላችሁ ይህን ነው፤ ዕዳውን ከፍለን ጥቅሙን ሳናገኝ የምንቀርበት አሠራር ማብቃት አለበት። ለድምፅ የሚመጣውን ሁሉ፣ እኛንም ጨምሮ፣ «የተጀመረውን መቼ ትጨርሳላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። ሐዲዱም ድር ነው፤ የሚያብረው በእናንተ ድምፅ ነው። በምርጫው ቀን ካርዳችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ለራሳችሁና ለልጆቻችሁ ወስኑ።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!