ለአዲስ ተማሪ ከስንቁ ጋር ሊሰጠው የሚገባ ምክር

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከመካነ ሰላም፣ ከአጅባር፣ ከአቀስታና ከወግዲ ትምህርት ቤቶች የሚወጡ ወጣቶች የዩኒቨርሲቲ ምደባቸውን በሰሙ ጊዜ በየቤቱ የሚደረገው መሰናዶ ተመሳሳይ ነው። አባት በግ ይሸጣል፤ እናት በሶና ቆሎ ታዘጋጃለች፤ ሽማግሌዎች ይመርቃሉ። ስንቁም ምርቃቱም የሚያስፈልጉ ናቸው። ነገር ግን ተማሪው ግቢ ከደረሰ በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚነግረው ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ አያሌ ተማሪዎች ከቤተሰባቸው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የመጀመሪያዎቹ ናቸውና። ይህን ጉድለት ሊሞላ የሚችለው በዚያው መንገድ አልፎ ለሙያ የበቃ ሰው ስለሆነ፣ ጉዳዩ በዚህ ማኅበር ፊት መነሣቱ ተገቢ ይሆናል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከቦረና ወይም ከሳይንት ተነሥቶ ለከፍተኛ ትምህርት የሚበቃ ወጣት መዳረሻው ዋና ከተማው ነበር። ዛሬ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ያስተምራሉ። ሆኖም ተማሪዎች በምደባ ስለሚላኩ የቦረናው ልጅ አርባ ምንጭ ሊደርሰው፣ የቆላው ልጅ ደግሞ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው መካነ ሰላም ሊመጣና ወፍራም ብርድ ልብስ የሚጠይቅ ሌሊት ሊያጋጥመው ይችላል። ምክሩም ለሚሄደውም ለሚመጣውም አንድ ነው።

በመጀመሪያ አዲሱ ተማሪ የሥራውን ክብደት በቁጥር ሊያውቀው ይገባል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የትምህርት ሸክም የሚለካበት ኢሲቲኤስ የተባለው መለኪያ፣ አንዱ ነጥብ የተማሪውን የ27 ሰዓት ሥራ ይወክላል። 5 ነጥብ የተሰጠው አንድ የትምህርት ዓይነት እንግዲህ 135 ሰዓት ይጠይቃል። ትምህርቱ በሳምንት 3 ሰዓት ለ16 ሳምንታት በክፍል ቢሰጥ 48 ሰዓት ይሆናል፤ የቀረው 87 ሰዓት ተማሪው በራሱ ኃላፊነት የሚሠራበት ነው። በአንድ መንፈቅ ዓመት 30 ነጥብ የያዘ ተማሪ ድምሩ 810 ሰዓት፣ ማለትም በሳምንት 50 ሰዓት ያህል ሥራ አለበት። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቀኑን የሚከፋፍለው ደወል ነበር። በዩኒቨርሲቲ በሁለት ትምህርቶች መካከል ያለውን ባዶ ሰዓት እንደ ዕረፍት የቆጠረ ተማሪ፣ የሥራውን ትልቁን ክፍል ሳይሠራ የፈተናው ሳምንት ይደርስበታል።

ሁለተኛው ስሌት የውጤት ነው። ለመመረቅ የሚጠየቀው ዝቅተኛ አማካይ ከ4.00 ነጥብ 2.00 ነው። ሸክማቸው እኩል የሆነ አራት መንፈቀ ዓመታት አሉ እንበል። በመጀመሪያው 1.60 ያገኘ ተማሪ ወዲያው ቢነቃ በቀሩት ሦስቱ በአማካይ 2.14 ቢያመጣ ይበቃዋል። በሦስቱም 1.60 እያመጣ ከቆየ ግን በአራተኛው 3.20 ማምጣት ግድ ይሆንበታል፤ ደንቡም እስከዚያ ላይታገሠው ይችላል። ከዚህም በላይ የትምህርት ክፍል ምርጫ በአንደኛው ዓመት ውጤት ስለሚወሰን፣ በቸልታ ያለፈ መንፈቅ የሙያን አቅጣጫ ሊለውጥ ይችላል። በልግ የሚያመርት ገበሬ ይህን አስተማሪ ሳይሻ ያውቀዋል፤ ዘሩን ያዘገየውን ሰው ዝናቡ አይጠብቀውም።

የቋንቋው ችግርም በግልጽ ሊነገር ይገባል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ማብራሪያውን በአማርኛ ሲሰማ የኖረ ተማሪ፣ በዩኒቨርሲቲ የመምህሩን ንግግር እየሰማ በእንግሊዝኛ መጻፍ ይቸግረዋል። መፍትሔው ማስታወሻውን በዚያው ቀን ማታ፣ ንግግሩ ከጆሮ ሳይጠፋ ገልብጦ ማስተካከል ነው። ከዚያም ፍሬ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ለጓደኛው ያስረዳ። ለሌላው ማስረዳት ያቃተው ነገር ለራሱም አልገባውም ማለት ነው።

በቡድን ለማጥናት ደግሞ ከአገር ቤት ልማድ የተሻለ አብነት አይገኝም። በደቦ አንዱ ይጠራል፣ ሌሎቹ ሊያግዙት ይመጣሉ። በወንፈል ግን ዛሬ በአንዱ ማሳ የዋለ ጉልበት ነገ በሌላው ማሳ ይመለሳል። የጥናት ቡድን ወንፈል መሆን ይገባዋል። አራት ተማሪዎች አራት ምዕራፍ ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱ የራሱን አጥንቶ ለሌሎቹ ያስረዳ። አንዱ ብቻ እየሠራ ሦስቱ የሚገለብጡበት ስብሰባ ግን በፈተና ቀን ሦስቱን ባዶ እጃቸውን ያስቀራቸዋል።

እስከ አሁን የተባለው ሁሉ ግን ከሚከተለው አንድ ነገር አይበልጥም። ይኸውም ተማሪው ችግሩን በጊዜ መናገር አለበት።

የደጋው ልጅ ያደገው ታናሽ በታላቅ ፊት ጥያቄ በማያበዛበት ሥርዓት ነው። ይሉኝታው ለቤቱና ለመንደሩ ጌጥ ነው። በዩኒቨርሲቲ ግን ያው ይሉኝታ ሊጥለው ይችላል። የመጀመሪያውን ፈተና የወደቀ ተማሪ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል፤ ለመምህሩ አይነግርም፤ ለጓደኞቹ ያፍራል፤ ከቤት ሲደወል «ደኅና ነኝ፣ ትምህርቱም ጥሩ ነው» ይላል። በጉ ተሸጦለታልና እውነቱን መናገር ይከብደዋል። ስለዚህም ገና በአንድ ሰዓት ማብራሪያ ሊቃና የሚችል ስሕተት የመንፈቅ ውድቀት እስኪሆን ድረስ ተሸፍኖ ይቆያል።

ወደ መምህር ቢሮ የሚሄድ ተማሪ ባዶ እጁን አይሂድ። «አልገባኝም» ከማለት ይልቅ የሞከረውን ይዞ፣ «እስከዚህ ሠርቻለሁ፤ እዚህ ላይ ቆምሁ» ቢል መምህሩ ችግሩን ወዲያው ያየዋል።

ከሁሉም የሚጎዳው በዝምታ ግቢውን ጥሎ መሄድ ነው። አባት ታሞ፣ አዝመራ ደርሶ ወይም ተማሪው ራሱ ታሞ ወደ ቤት መሄድ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሳያመለክት የሄደ ተማሪ ሲመለስ በየትምህርቱ ኤፍ ተመዝግቦበት ሊያገኝ ይችላል። ከአማካሪ መምህሩና ከሬጅስትራር ቅጽ ሞልቶ በሕጋዊ መንገድ ያቋረጠ ግን በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ደንብ መሠረት ተመልሶ የመቀጠል ዕድል አለው። የታመመም የሐኪም ማስረጃውን ሳይዘገይ ያቅርብ። በእነዚህ በሁለቱ ተማሪዎች መካከል ያለው ልዩነት የአእምሮ አይደለም፤ አንድ ወረቀት መሙላትና አለመሙላት ነው።

ስለ ግቢው ኑሮ ጥቂት ይበቃል። ለመመለሻ የሚሆን የመጓጓዣ ገንዘብ ሳይነካ ተለይቶ ይቀመጥ። ከሌላ አካባቢ የመጣ የማደሪያ ጓደኛ እንደ ወንድም ይታይ። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሡ ግጭቶች የተማሪዎች ሕይወት ማለፉን ማንም አይዘነጋውም። ወሬ ሲነሣ ወሬውን አለማቀበል፣ በሌሊት ወደተሰበሰበ ሕዝብ አለመሄድ ፍርሃት ሳይሆን ማስተዋል ነው።

በመጨረሻም ተማሪው መግባቱ ብቻ ዋስትና እንዳልሆነ ይወቅ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል፤ በሩ ጠባብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በመውጫም ፈተና አለ፤ ከ100 ቢያንስ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይቀበልም። ስለዚህ የየዓመቱን ማስታወሻ ጠብቆ ማቆየት ከመጀመሪያው ቀን የሚጀመር ሥራ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤ ከዚህ ማኅበር የሚጠበቀው ከባድ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ አባል ከአገሩ የወጣ አንድ አዲስ ተማሪ ይያዝ። ትምህርት በተጀመረ በአራተኛው ሳምንት ይደውልለት። «እንዴት ነህ?» ብሎ አያብቃ፤ መልሱ «ደኅና ነኝ» ነውና። «የመጀመሪያው ፈተና ስንት መጣ? የትኛው ትምህርት ከበደህ? መምህሩን አነጋገርኸው?» ብሎ ይጠይቀው። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከሦስት ደቂቃ አይበልጡም። አንዱን ወጣት ከዝምታው ካወጡት ግን፣ በጉን የሸጠው አባት ድካም ከንቱ አልቀረም።