ጸበሉም መድኃኒቱም
(በትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ የቀረበ ንግግር)

እዚህ የቆምኩት ልመክራችሁ አይደለም፤ የራሴን ላጫውታችሁ ነው። ኤች አይ ቪ በደሜ ይዤ ነው የተወለድኩት። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ ከአክስቴ ጋር ሰባት ቀን ልንጠመቅ ደብረ ሊባኖስ ሄድን። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዘመን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ጸበሉ ከገዳሙ በላይ፣ ከዋሻቸው ዘንድ ነው። ማለዳ በባዶ ሆዴ ዳገቱን ወጣሁ። ጸበሉ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ከቅዝቃዜው የተነሣ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ግን ደስ አለኝ። እዚያ ማንም "ምን ሆነሽ ነው?" አላለኝም፤ ሁሉም የየራሱን ይዞ ነው የመጣው።

ማታ ክኒኔን ሳወጣ አብራን ያደረች አንዲት ሴት አየችኝ። "ልጄ፣ ጸበል መጥተሽ ደግሞ ክኒን? እምነትሽ ጎደለ ማለት ነው" አለችኝ። አፈርኩ፤ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ያን ማታም፣ በማግስቱም አልዋጥኩም። እውነቱን ልንገራችሁ? መድኃኒቱ ሰልችቶኝ ስለነበር ሰበብ አገኘሁ።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ክኒኑን ቆጠረች። አልተቆጣችኝም። "እምዬ ምኒልክ እንኳ ሲታመሙ እዚህ ጸበል መጥተዋል፤ የውጭ ሐኪሞችም ያክሟቸው ነበር። አንቺ ከእሳቸው ትበልጫለሽ?" ብላ አሳቀችኝ። ውሃ ቀድታ አስዋጠችኝ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ተናግረው እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

ስንመለስ ነርሷ አስረዳችኝ። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከሰውነት አያጠፋውም፤ እንዳይራባ ያግደዋል። ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። በአግባቡ ከተዋጠ ግን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይቀንሳል። እንዲህ ሆኖ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ አያስተላልፍም።

አሁንም ጸበል እሄዳለሁ፤ እምነቴን ማንም አይነጥቀኝም። ክኒኔም ከፎጣዬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ናት። ሰዓቷ ሲደርስ ሰው ፊትም ቢሆን እውጣታለሁ።

እናንተም በቤታችሁ ወይም በክፍላችሁ መድኃኒት የሚውጥ ሰው ካለ "ተወው" አትበሉት፤ ውሃ አቀብሉት።