ውሻው ወሰን ሲሻገር

እንሴኖ ዙሪያ የአንዱን የበርበሬ ማሳ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ ቀጭን የሣር ድንበር ነው። ከመንገድ አንስታችሁ ያሳደጋችሁት ውሻ ያንን ድንበር አያውቅም። ጎረቤት የተረገጠውን ችግኝ እያሳየ ሲቆጣ፣ «ድንበሩ እስከየት ነው?» የሚለው የቆየ ቅሬታም አብሮ ይነሳል።

ሁለቱን ጉዳዮች መለየት ይበጃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 እንስሳው አምልጦ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። ስለዚህ እያበላችሁ ያኖራችሁትን ውሻ «ከመንገድ ያነሳሁት ነው» ብሎ መካድ የሚያዋጣ አይመስለኝም። ችግኙን ተክቶ ይቅርታ መጠየቅ ይቀላል።

የወሰኑ ነገር ግን በውሻ ዱካ አይፈታም። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተራችሁን አውጡ፤ በሁለተኛው ዙር ልኬት የተሰጠው ካርታም አለው። ድንበርተኞቻችሁንና ሽማግሌዎችን ይዛችሁ ማሳው ላይ ቁሙ። ካልተስማማችሁ ወደ ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ሂዱ። የወሰን ድንጋይ በሌሊት ማንቀሳቀስ ግን ጎረቤትን ያቃቅራል።

ወደ ውሻው ስንመለስ፣ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት። ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ድረሱ።