ዛፉ የማን ነው? መሬቱስ?



አዘጋጆቹ «የሕክምናውን ነገር ተዪውና ሌላ ንገሪን» አሉኝ። ስለ ገበሬ ደን ሕግ ልናገር ነው ስላቸው ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አሉ። የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን ከተመረቅን ሃያ ዓመት አለፈን፤ ወላጆቻችን አርጅተዋል፤ ብዙዎቻችንም ገጠር ውስጥ የእናት ወይም የአባት ዛፍ አለን። ደብተርና ጫማ የገዛልን እሱ ነው። የእኔ ወገኖች አዊ ናቸው፤ የእኛ ዛፍ ዲከረንስ ነው።

ለማታውቁት፦ በፋግታ ለኮማ አካባቢ ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር ያስገባዋል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል፤ ቀጥሎ ከዛፉ ሥር ያለውን ሣር ለከብት ይወስዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ከዚያ መሬቱን አርሶ እንደገና ይተክላል። ዘላቂ የደን አያያዝ የሚባለውን ነገር ማንም ሳያስተምረው በራሱ መንገድ ይዞታል ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት አክስቴ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ዲከረንሷን በቁሙ ለነጋዴ ልትሸጥ ነው። «አንብቢልኝ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ወረቀቱ «የደን ቦታዬን ለአምስት ዓመት ሸጫለሁ» ይላል። እኔ ከቀዶ ጥገና በፊት የሚፈረም የስምምነት ቅጽ ለበሽተኛ ሳስረዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህች «ቦታዬን» የምትል ቃል አልጣመችኝም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገበሬው ያለው ይዞታ ነው፤ ባለይዞታ እንጂ ባለቤት አይባልም። ያው አንቀጽ ግን ንዑስ 7 ላይ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው ቋሚ ንብረት የራሱ ነው፤ ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል ይላል። ስለዚህ አክስቴ ዛፉን መሸጥ ትችላለች፤ ቦታውን አትችልም። በወረቀቱ ላይ ሁለቱ ተደባልቀዋል።

ከእኛው ተመራቂዎች አንዱ፣ ጠበቃ ነው፣ ደውዬለት የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1133 አስነበበኝ። ዛፍ ከመሬቱ እስኪለይ ድረስ የመሬቱ አካል ነው፤ ለመቆረጥ ብሎ ውል ከተዋዋሉበት ግን ራሱን የቻለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሆኖ ይቆጠራል። ገርሞኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያ ቆሞ የሚታየው ዛፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተንቀሳቃሽ ይሆናል! ውሉ «ዛፉን፣ ተቆርጦ እንዲወሰድ» ካለ አክስቴ የሸጠችው ዛፍ ነው። «ቦታዬን» ካለ ግን ሕግ የማይቀበለው ሽያጭ ሆነ፤ ክርክር ቢነሳ ደግሞ ፍርድ ቤት የምትመላለሰው እሷ ናት።

ወረቀቱን እንደገና ጻፍነው። ምን ያህል ዛፍ እንደሆነ፣ እስከ መቼ ተቆርጦ እንደሚያልቅ፣ ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር፣ ከቆረጣ በኋላ መሬቱን ማን አርሶ እንደሚተክል። ጉድጓዱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የከሰል ጭስ በር ላይ ሲከርም ምን እንደሚያደርግ በየቀኑ በማዳመጫዬ እሰማዋለሁ። ዋጉንም ጨመርን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ዲከረንሱን ዋግ መትቶታል፤ ከተዋዋሉ በኋላ ዛፉ ቢደርቅ ኪሳራው የማን ነው? የመጀመሪያው ወረቀት ዝም ብሎ ነበር። ነጋዴው ትንሽ አጉረመረመ፤ በኋላ ግን ፈረመ።

የደን አዋጁ ቁጥር 1065/2010 ነው። የቀድሞው የ1999 አዋጅ የሚያውቀው የግልና የመንግሥት ደንን ብቻ ነበር፤ አዲሱ የማኅበረሰብና የማኅበራት ደንን ጨምሯል። ጥሩ ነው። ግን አገሪቱ ለደን ቆጠራ የምትጠቀምበት ትርጉም ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ይጠይቃል። የአክስቴ ዛፍ ከአንድ ጥማድ አይበልጥም። በቆጠራው ደን አይደለም፤ ከሰሉ መኪና ላይ ሲወጣ ግን ኬላው የደን ውጤት ነው ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ለአክስቴ ማስረዳት የስኳር በሽታን ከማስረዳት ይከብዳል።

አሁን እኛን ወደሚነካው ልምጣ። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 «የቤተሰብ አባል» ያለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራን ሰው ነው። በዚህ ትርጉም እኔ ለእናቴ ቤተሰብ አይደለሁም። (ሳቅ) አዋጁ በ2016 በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል፤ የክልሉም ሕግ አብሮ ይነበባል፤ እናንተም ሳትጠይቁ እንዳትቀመጡ። ይዞታው ለማን እንደሚተላለፍ አንድ ጥያቄ ነው፤ ዛፉ ለማን እንደሚተላለፍ ሌላ። ውጭ አገር ያለ ወንድም ለእህቱ «እንካፈላለን» ብሎ የሚልክላት መልእክት ብዙ ጊዜ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ጠቡ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። እናት በሕይወት እያለች፣ አረንጓዴውን ደብተር አውጥታችሁ የማን ስም እንዳለበት፣ የእናት ስም ከአባት ጎን መኖሩን እዩ።

የሕግ ትምህርት ክፍል መምህሮቻችን እዚህ ስላላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ለቁም ዛፍ ሽያጭ የሚሆን አንድ ገጽ የውል ናሙና አዘጋጁልን፤ በአማርኛም በአዊኛም ይሁን፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ያልተማረ ሰው የሚገባው ይሁን። የማባዣውን ወጪ የእኛ ባች ይችላል፤ ስለ ጭሱ የሚጻፈውን መስመር እኔ እጽፋለሁ።