የኩሬ ዓሣ ሲታመም መጀመሪያ ውኃውን እንይ

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ለይፋግ ነዋሪዎች የተነበበ ንግግር)



በጓሯችን ኩሬ ቆፍረን ቀረሶ ማርባት ከጀመርን ወዲህ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አዘውትሮ የሚቀርበው ጥያቄ «ዓሣዬ ታሞብኛል፣ ምን መድኃኒት ልስጠው?» የሚል ነው። መልሳችንን ከወዲሁ ለመናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የታመመው ውኃው ነው። ቤቱ በጭስ የተሞላበት ሰው ቢያስለው ክኒን ከመፈለጉ በፊት በሩን መክፈት ይቀድማል። የዓሣም ነገር እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ምልክቱን ከነመፍትሔው በየተራ እንመለከታለን።

አንደኛ፣ ዓሦቹ ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ውኃው ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር የሚውጡ ከሆነ ኦክስጅን አጥሯቸዋል ማለት ነው። ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ጥቃቅን እጽ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን ራሱ ይተነፍሳል፣ ከዓሣው ጋር ይሻማል። ደመና በበዛበት የክረምት ቀን ችግሩ ይብሳል። ትልልቁ ዓሣም ቀድሞ ይጎዳል። መለኪያው ቀላል ነው፤ እጃችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውኃው አስገቡ። ክርናችሁ ሳይደርስ መዳፋችሁ ከተሰወረባችሁና ውኃው አረንጓዴ ከሆነ እጹ በዝቷል። እንግዲህ ፍግ መጨመሩን አቁሙ፤ መኖውንም ለሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ንጹሕ ውኃ ከፍ አድርጋችሁ አፍስሱበት። ሌላ ውኃ ከሌለ የኩሬውን ውኃ በባልዲ እየቀዳችሁ ከላይ መልሳችሁ አፍስሱ፤ ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። ውኃ ስትቀይሩም ሩቡን ወይም ሲሶውን እንጂ ሁሉን ባንድ ጊዜ አትቀይሩ፤ ድንገተኛ ለውጥ ራሱ ይገድላል። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ በሰፊ ዕቃ ተከፍቶ አንድ ቀን ይደር።

ሁለተኛ፣ ውኃው ሲሸት ወይም አረፋ ሲይዝ ምክንያቱ የተረፈ መኖ ነው። አተላም ሆነ የኑግ ፋጉሎ ወይም የሩዝ ፉርሽካ፣ ዓሣው በሩብ ሰዓት ውስጥ የማይጨርሰው ሁሉ ታች ወርዶ ይበሰብስና መርዝ ይሆናል። «ይጥገብልኝ» ብሎ መድፋት ቸርነት አይደለም። በተለይ በታኅሣሥና በጥር ብርድ ቀረሶ ምግብ ይቀንሳልና ያን ጊዜ እንደ ሙቀቱ ወራት አትስጡት። ለአንድ ካሬ ሜትር ኩሬም ሁለት ዓሣ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ በገላው ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር የታየበት ዓሣ ሻጋታ ይዞታል። ብዙ ጊዜ የሚነሳው መረብ ወይም ሻካራ እጅ ካቆሰለው በኋላ ነው። ይህን ዓሣ ለይታችሁ 10 ሊትር ውኃ በያዘ ባልዲ 100 ግራም የገበታ ጨው አሟሙታችሁ እስከ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። አጠገቡ ቁሙ፤ ዓሣው ወደ ጎኑ ማዘንበል ከጀመረ ጊዜው ባይሞላም ወዲያው ወደ ንጹሕ ውኃ መልሱት። ገላውን ከኩሬው ዳር የሚያሻሽም ዓሣ ተባይ ሊኖርበት ይችላልና ይኸው የጨው ውኃ ይረዳዋል።

አራተኛ፣ ሆዱ ያበጠና የከሳ ዓሣ የውስጥ ትል ሊኖርበት ይችላል። በጣና ትንንሾቹ ዓሦች ሆድ ውስጥ እንደ ጥብጣብ ያለ ረጅም ትል ይገኛል፤ የሚያዛምተውም ዓሣ የሚበላ ወፍ ነው። እንዲህ ያለውን ዓሣ አውጥታችሁ ቅበሩት፤ ለውሻ ጥሬውን አትስጡ፣ ወደ ውኃም አትመልሱ። የምንበላውም ዓሣ በደንብ ይብሰል።

አምስተኛ፣ ትልቁም ትንሹም፣ እንቁራሪቱም ጭምር ባንድ ቀን ካለቀ መርዝ ገብቷል። የሩዝና የሽንኩርት ማሳችን ፀረ ተባይ ይረጫል፤ የመርጫው ዕቃ ኩሬ ወይም ቦይ አጠገብ ከታጠበ የሚደርሰው ይህ ነው። የሞተውን አትብሉ፣ አትሽጡ፣ ለዶሮም አትስጡ። ለወረዳው የእንስሳት ባለሙያ ወዲያው አመልክቱ።

የሰው ቴትራሳይክሊን ፈትቶ ኩሬ ውስጥ መበተን አለና እሱን ተዉ። በሽታው ሳይታወቅ የሚበተን መድኃኒት ገንዘብ ይጨርሳል እንጂ የሚታፈነውን ዓሣ አየር አይሰጠውም። አዲስ የመጣ ዓሣ ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ከጎረቤት የተዋሳችሁትም መረብ በፀሐይ ሳይደርቅ ወደ ኩሬያችሁ አይግባ።

አሁን ደግሞ ከጓሯችን ወጥተን ወደ ርብ እንውረድ። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ላይ የሚበትን ሰው መኖሩን ሁላችን እናውቃለን። ብርብራ ዓሣውን ትንፋሽ አሳጥቶ ነው የሚያንሳፍፈው። ኩሬያችን ውስጥ ሲሆን የሚያስደነግጠንን ሕመም ወንዙ ላይ በገዛ እጃችን እናመጣዋለን ማለት ነው። ያውም የሚበተነው ነጭ ዓሣ ከጣና ተነስቶ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ርብና ወደ ጉማራ በሚወጣበት በክረምቱ ወራትና በመስከረም ነው። ጣና ከዓለም በሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት። ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰዋል። በኩሬ ያለቀ ቀረሶ በሌላ ጫጩት ይተካል። ይኸኛው ካለቀ ግን ምትኩ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ የማኅበሩ አባል ሁሉ ሦስት ነገር እንዲፈጽም እናሳስባለን። ሊነጋ ሲል ኩሬውን ይጎብኝ። ያየውን ምልክትና የሰጠውን መኖ በደብተር ይጻፍ፤ ባለሙያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ብርብራ ይዞ ወደ ወንዝ የሚወርድ ሲያይ «ምን አገባኝ» ሳይል ያስቁም። ደብተር የሚጽፍለት ያጣ አረጋዊ ካለ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ይምጣ፣ እኛ እንጽፍለታለን።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት