ከእንጦጦ ግርጌ የባዕድ ጓሮ፦ ስለ ፀደይ፣ ስለ ተክልና ስለ ጉርብትና



በሰው አገር የሚኖር ሰው ጓሮውን በምን ዕውቀት ያለማል? የዛሬው ንግግሬ ጥያቄ ይህ ነው። ቀላል ቢመስልም ቋንቋን፣ ታሪክንና ጉርብትናን ይነካል።

ከቋንቋው ልነሣ። አውሮፓውያን «ስፕሪንግ» የሚሉትን ወቅት እኛ «ፀደይ» ብለን እንተረጉማለን። በቀን ቆጠራ ትርጉሙ ብዙ አይርቅም፤ የእኛ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃል። በጠባዩ ግን ሌላ ነው። በፈረንሳይ ገጠር ፀደይ ምድር ከብርድ ተላቃ የምታብብበት ጊዜ ነው። እንጦጦ የሚያብበው ግን ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ ነው። የእኛ ፀደይ የበልጉ ዝናብ አልቆ የክረምቱ የሚጠበቅበት ወቅት ነው። ስለዚህ ከአገሩ ባመጣው የዘር ከረጢት ላይ የተጻፈውን ወር አምኖ የዘራ ሰው፣ ቡቃያው በበልግ ካፊያ ይወጣለታል፤ ዝናቡ ሲቋረጥ ይጠወልግበታል፤ የተረፈውንም የሐምሌ ውሃ ያበሰብሰዋል። የኅዳርን ውርጭ የሚያስጠነቅቀው ጎረቤት እንጂ ከረጢቱ አይደለም።

ይህ ነገር በከተማችን ታሪክ አለው። ከ1888ቱ የዐድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ሲልኩ፣ ዐፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ግርጌ ሰፋፊ ቦታ ሰጧቸው። ዛሬም ሰፈሩን «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» እያልን እንጠራለን። በእንግሊዝ ለጋሲዮን የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የኖሩት በሣር ክዳን ጎጆዎች ነበር፤ ጸሐፊውና ተጓዡ ዊልፍሬድ ቴሲጀርም በ1902 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የተወለደው በዚያው ግቢ ነው። እነዚህ ግቢዎች በአጥር ተከልለው የቆዩ ቢሆኑም፣ ያለ አገሬው አትክልተኛ ሊለሙ አይችሉም ነበር።

ከአጥር ውጭ የኖሩም ነበሩ። እንግሊዛዊው ዳንኤል ሳንድፎርድና ባለቤታቸው ክርስቲን ከእንጦጦ ባሻገር በሙሎ እርሻ ይዘው ከገጠሩ ሕዝብ ጋር ኖረዋል። ሳንድፎርድ በ1932 ዓ.ም. የሚሽን 101 መሪ ሆነው ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ የአገሩን ቋንቋና ሰው የሚያውቁ መሆናቸው ከማንኛውም መሣሪያ ያላነሰ ስንቅ ነበር። እርሻ ሰውን ከወቅቱና ከጎረቤቱ ጋር ያስራል፤ እንዲህ ያለውን ዕውቀት ከቢሮ ማግኘት አይቻልም።

ከባዕዳን ተክሎች ሁሉ ከአጥር አልፎ አገር የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። በ1880ዎቹ ሲገባ ስሙ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ማገዶ በመጥፋቱ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበርና፣ ዛፉ ከተማዋን በስፍራዋ አጸና። ሆኖም ጽዱና ወይራው የነበሩበትን ተራራ ወረሰ፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አያበቅልም። ቅጠሉንና ጭራሮውን ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት የእንጦጦ እናቶች ከዚያ ውሳኔ ጥቅምም ሸክምም ወርሰዋል። ዩኒቨርሲቲያችንና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ እጽዋት ማእከል አገር በቀል ዛፎችን መልሶ መትከሉ የዚህ ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ ገጠር ቤት የሚገዙ እንግሊዛውያንም ተመሳሳይ ትምህርት ይገጥማቸዋል። የመንደሩ ሽማግሌዎች «የበረዶ ቅዱሳን» የሚሏቸው በዓላት፣ በእኛ ከግንቦት 3 እስከ 5 የሚውሉት፣ ሳያልፉ የቲማቲም ችግኝ ወደ ውጭ አያወጡም። እኛ ልደታን ንፍሮ ቀቅለን ደጅ ባከበርን ማግስት ማለት ነው። የእነሱም ገበሬ እንደ እኛው ወቅትን የሚቆጥረው በቅዱሳን ስም ነው፤ ይህን የሚሰማ እንግዳ ደግሞ ከምርቱ በፊት ጎረቤት ያገኛል።

ውድ ተማሪዎች፣ የኤምባሲን ታሪክ ስንጽፍ የምንጀምረው በሚኒስትሮች ስም ነው። በእነዚያ ግቢዎች ዕድሜያቸውን የቆፈሩ፣ ለየትኛው ዘር የትኛው ሳምንት እንደሚስማማው የሚያውቁ አትክልተኞች ግን በየካና በጉለሌ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እያረጁም ነው። ዕውቀታቸው ያለው በቃል ነውና፣ ከእነርሱ ጋር ሳይቀበር መቅጃና ማስታወሻ ይዛችሁ ሂዱ። «አባባ፣ ይህን መቼ ነው የሚዘሩት?» ብላችሁ ጀምሩ።