ስለ አቋቋምና ስለ መገጣጠሚያ ሕመም



አቋቋም የሚባለው ቃል በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ የአንድ ትልቅ ትምህርት ስም ነው፤ ዜማው ከከበሮና ከጸናጽል፥ ከመቋሚያም ጋራ እንዴት እንዲሄድ ያስተምራል። በሐኪሞች ዘንድ ግን ይኸው ቃል የሰው ገላ በመቆምና በመቀመጥ ጊዜ የሚይዘውን አኳኋን ያመለክታል። ሁለቱ ትርጓሜዎች በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙበት ስፍራ ቅኔ ማኅሌት ነው። ከሌሊት ጀምሮ እስከ ቅዳሴ ፍጻሜ ሲቆም የኖረ አገልጋይ፥ ዕድሜው በገፋ ጊዜ ወገቡን ይዞ ጕልበቱን እያሸ ወደ ኋላ ሲቀር ይታያል፤ አንዳንዱም ሕመሙን መናገር አፍሮ ከነጭራሹ ይቀራል፤ ሰውም ሰነፈ ይለዋል። ሐሜቱ ከሕመሙ ይብስበታል።

አከርካሪ ከአንገት እስከ ወገብ 24 የሚንቀሳቀሱ አንጓዎች አሉት፤ እነርሱም በአንገት 7፥ በደረት በኩል 12፥ በወገብ 5 ናቸው። ብዙ ሰው ጤነኛ አከርካሪ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ነው ብሎ ያስባል፤ እንዲህ ግን አይደለም። ከጎን ሲታይ በአንገትና በወገብ ወደ ፊት፥ በደረት በኩል ወደ ኋላ ቀነስ ብሎ የጐበጠ ነው፤ በዚህም ሸክምን ይችላል። በአንጓና በአንጓ መካከል ደግሞ ትራስ የመሰለ ልስልስ ነገር አለ፤ እርሱም የራሱ የደም ሥር የለውም ለማለት ይቻላል፤ ምግቡን የሚያገኘው ከአጠገቡ ካለው አጥንት እየሰረገ ነው።

በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1960 ወዲህ በነበሩት ዓመታት ናኬምሶን የተባለ የስዊድን ሐኪም በሕያዋን ሰዎች ወገብ ውስጥ መርፌ አግብቶ የዚህን ትራስ ግፊት ለካ። የተኛ ሰው ግፊቱ ያነሰ፥ ወደ ፊት ጐንበስ ብሎ ሸክም የሚያነሣው ግን እጅግ የበዛ ሆኖ ተገኘ። መቀመጥ ከመቆም ይልቅ ወገብን ይጫናል ያለውን ነገር ግን በ1999 በጀርመን አገር እንደ ገና የለኩ ሰዎች አላጸኑለትም።

ታዲያ የጐበጠ ሁሉ ይታመማልን? አይታመምም። በ2015 ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች የወገብ ሥዕል የመረመሩ ብዙ ጥናቶች ባንድነት ታይተው ነበር፤ የትራሱ ማርጀት በ20 ዓመት ጎልማሶች ከመቶ 37፥ በ80 ዓመት ሽማግሎች ከመቶ 96 ላይ ተገኘ፤ እነዚህ ሁሉ ግን ወገቤን አመመኝ ያላሉ ነበሩ። ስለዚህ «ቀጥ ብለህ ቁም» እያሉ ተማሪን መገሠጽ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ይልቁን የሚጎዳው ባንድ አኳኋን ሳይንቀሳቀሱ ብዙ ሰዓት መቈየት ነው፤ በዝማሜ የሚወዛወዝ ሰው በማእዘን ተገትሮ ከሚውለው ይሻለዋል።

የአከርካሪ ሁኔታ ወደ ሌላው መገጣጠሚያ የሚያልፍበት መንገድም አለ። ወገቡ ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው እንዳይወድቅ ጕልበቱን አጠፍ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ የጭኑ ጡንቻ ዕረፍት ያጣል፥ ጕልበቱም ይጨነቃል። ዳግመኛም ከወገብ የሚወጣው ነርቭ ሲጫን ሕመሙ በጭንና በእግር ይሰማል፤ የታመመ ዳሌም ሕመሙን በጕልበት ላይ ያሳያል። ጕልበቱን በቅባት ሲያሽ የኖረ ሰው መድኃኒቱን ከበሽታው ስፍራ አርቆ ያኖረ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ በትሩ እንመለስ። ሰው ሲራመድ ባንድ እግሩ በቆመበት ቅጽበት ዳሌው የሚሸከመው የገላውን ክብደት ብቻ አይደለም፤ ገላው እንዳይዘም የዳሌ ጡንቻ ስለሚጐትት ሸክሙ ወደ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ከዘራ በጤነኛው ወገን እጅ ሲያዝ ይህን ጕተታ ያቃልለዋል። ስለዚህ ቀኝ ዳሌው የታመመ በግራ እጁ ይያዝ፤ ብዙው ሰው ግን በታመመው ወገን ይይዘዋል፥ ጥቅሙንም ያጣዋል። በ1956 ብላውንት የተባለ የአሜሪካ የአጥንት ሐኪም ሰዎች ከከዘራ ማፈራቸውን አይቶ ከዘራ እንዳይጣል የሚያሳስብ ጽሑፍ አወጣ። በዚህ አገር ሊቅ በትር ይዞ ሲቆም ማንም አያፍርበትም፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። የመራመጃው ከዘራ ግን ርዝመቱ እጅ ወደ ታች ሲለቀቅ በአንባር ማሰሪያው ልክ ይሁን እንጂ እንደ መቋሚያ እስከ ደረት አይድረስ። መቋሚያም ቢሆን በብብት ሥር ሆኖ ብዙ ሰዓት ሲደገፉት በዚያ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫናል፤ እጅ ይደነዝዛል፥ አንጓውም ይዝላል። ወገኑን መለዋወጥ፥ ክብደቱንም ከእግር ወደ እግር ማዛወር ይገባል።

ዳዊት የሚደግም ሰው መጽሐፉን ከጭኑ ላይ አንሥቶ በአትሮንስ ከፍ ቢያደርገው፥ 4 ወይም 5 ኪሎ የምትመዝነው ራሱ አንገቱን አትጎትተውም። ውኃ ለሚያመላልሱ እናቶችና እኅቶችም አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ መሆኑ ይታሰብ፤ በሁለት ቢከፈል መንገዱ ቢበዛም ወገቡ ይድናል።

ወገቡ የታመመም አልጋ ላይ አይክረም። በ1995 በሄልሲንኪ ከተማ በተደረገ ጥናት፥ ወገባቸውን በድንገት ካመማቸው መካከል እንደ ተቻላቸው ሥራቸውን የቀጠሉት በአልጋ ከዋሉት ይልቅ ፈጥነው ዳኑ።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ ግን አለ። ትኵሳት፥ የሌሊት ላብና መክሳት ተጨምሮበት አከርካሪ ቀስ በቀስ ሲጐብጥ፥ የሳንባ ነቀርሳ ወደ አጥንት ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህንም ፖት የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም በ1779 ጽፎታል። ዛሬ መድኃኒት አለው፤ በጠበል የሚጸና ሰውም መድኃኒቱን አይተው። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ቢያተኵስ፥ ወይም ከወገብ ሕመም ጋራ ሽንት ቢከለከል፥ በመቀመጫ አካባቢ ቢደነዝዝ፥ እግርም ቢዝል፥ ሰውዬው ቅዳሴው እስኪፈጸም ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።